በዱላና በልብ መካከል

ሁለት ሰዎች ጠላ ቤት ተጣሉ እንበል። አንደኛው ዱላውን አንሥቶ የሁለተኛውን አናት መታ። ተመቺው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ። ዐቃቤ ሕጉ «ሊገድለው ነበር» ይላል። ተከሳሹ ደግሞ «ኧረ እኔ ላስደነግጠው ብዬ ነው!» ይላል። ዱላው ያው ዱላ፣ ቁስሉም ያው ቁስል ነው። ክርክሩ ማንም ገብቶ ስላላየው ስፍራ፣ ስለ መቺው ልብ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስለን። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ሙከራውም በዚያው አንቀጽ ያስቀጣል፤ ዳኛው ግን ሊያቀልለት ይችላል። ከባድ የአካል ጉዳት ከሆነ ግን ቅጣቱ ቢበዛ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት፣ ሲያንስ ደግሞ 1 ዓመት ቀላል እሥራት ሊሆን ይችላል። የአንድ ሰው ስንትና ስንት ዓመት በማይታይ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ ካልታየ ዳኛው ምን ይይ? እጅን ያያል። በምን መታው? የት ላይ መታው፣ ባቱን ነው ወይስ ማጅራቱን? ስንት ጊዜ ደገመው? ይኼ መንገድ ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ገዳዩ በብረት ነው የመታው፣ በድንጋይ ወይስ በእንጨት እያለ ይመረምራል፤ ጠላቱ ነበር ወይ፣ አድብቶ ጠብቆታል ወይ እያለም ይጠይቃል። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊ ፈላስፋ አቤላርም ጥፋት ያለው ልብ በፈቀደው ላይ ነው፣ ሰው ግን ልብን ስለማያይ በሥራ ይፈርዳል ብሏል።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 58 «አስቦ» የሚለውን ቃል በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ዐውቆና ፈቅዶ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቁ ቢደርስም ይድረስ ብሎ ማድረግ ነው። ሕዝባችን ይህንን ሁለተኛውን «የመጣው ይምጣ!» ይለዋል። በአንጻሩ «ምንም አይሆንም» ብሎ የመታ ሰው ቸልተኛ እንጂ አሳቢ አይባልም። የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ይሣቁብን እንጂ፣ እኛን እንቅልፍ የነሳን ይኼ ነው። «የመጣው ይምጣ» ያለውም፣ «ምንም አይሆንም» ያለውም ዱላውን የሚያነሡት እኩል ነው። ንዴት ያወረው ሰው ደግሞ ከሁለቱ አንዱንም ላይል ይችላል።

አፉ የተናገረው ይመስክርበታ! የሚል አይጠፋም። «እገድልሃለሁ» ማለቱን አሥር ሰው ሰምቷል። ግን በየሰፈሩ ስንት እናት ወተት የደፋ ልጇን በየቀኑ «እገልሃለሁ!» ትለዋለች? በቋንቋችን ይኼ ቃል ከዛቻነት ይልቅ የብስጭት ማስተንፈሻ ሆኗል። ጎራዴውን ሲስል ሰንብቶ የተናገረው እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚያሳስተው ውጤቱ ነው። ተመቺው ከሞተ ሁሉም ነገር ታስቦበት የተደረገ ይመስለናል፤ ከዳነ ደግሞ «የሰካራም ጠብ ነው» እንላለን። ሞትና መዳን ግን የራስ ቅል ውፍረት፣ የሆስፒታል ቅርበት ጉዳይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለ መቺው ልብ አይናገሩም።

ይልቅ ሰውየው ወድቆ ሳለ መቺው ምን አደረገ? ብንል ይሻላል። ሊደግመው እየቻለ ዱላውን ጥሎ ከሄደ፣ ለመግደል ቆርጦ ነበር ማለት ይከብዳል። ገላጋዮች እጁን ጠምዝዘው እስኪያስጥሉት ድረስ ከታገለ ግን ልቡን ራሱ ከፍቶ አሳየን። ይኼም ቢሆን ሙሉ መልስ አይደለም። ለመግደል አስቦ መትቶ ደም ሲያይ የደነገጠ አለ፤ ጸጸት የኋላውን እንጂ የፊቱን አሳብ አይፍቅም።

በመጨረሻ ተመቺው አለ። እሱ ራሱ ጠባሳውን እየዳሰሰ «ዓይኑን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሊገድለኝ ነበር» ይላል። ከሱ በቀር የመቺውን ፊት ከዚያ ቅርበት ያየ የለም፤ የሚዋሽም አይመስለንም። ሆኖም አንቀጽ 58 ማንም ሰው ካሰበው በላይ በሆነው ነገር አይቀጣም ይላል፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ከቀረ ዳኛው ወደ ቀላሉ ማዘንበል አለበት። ያኔ ለተመቺው «ሊገድልህ አላሰበም» መባል የለበትም፤ ዳኛው ይህን አላወቀምና። «ሊገድልህ ማሰቡ አልተረጋገጠም» ይባል፤ ያልተረጋገጠውም በምን ምክንያት እንደሆነ፣ ዱላው፣ ምቱ፣ ገላጋዮቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ይጻፍለት። ተመቺው በዚያ ይጽናናል አንልም።