አንደበት ማዋስ ወይስ አንደበት መንጠቅ?

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ከተወለደበት አገር ወጥቶ ወደ ሌላ ሕዝብ ሲሄድ አሻጋሪ ያስፈልገዋል። መጽሐፍ ከሆነ ተርጓሚ ይሻል፤ ፊልም ከሆነ ደግሞ ከተርጓሚው ሌላ የተዋንያኑን ድምፅ በራሱ ድምፅ የሚተካ ተናጋሪ ይሻል። ይህ አሻጋሪ ለሥራው አንደበቱን ያውሰዋል። የተዋሰው አንደበት የሥራውን ሐሳብ ትቶ ሌላ ሐሳብ የተናገረ እንደ ሆነ ግን፣ ማዋሱ ቀርቶ መንጠቅ ይሆናል። የድምፅ ትርጉም የቋንቋ ችሎታ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የአደራም ጥያቄ ነው የምንለው ስለዚህ ነው። ለመሆኑ አሻጋሪው ምን የመለወጥ መብት አለው? ከምንስ እጁን መሰብሰብ ይገባዋል? ይህን በደፈናው ከመከራከር ይልቅ የአንድ የጃፓን የሥዕል ፊልም ዕጣ ምን እንደነበረ መመልከት ይበጃል።

ፊልሙ «የነፋሱ ሸለቆ ናውሲካ» ይባላል። አዘጋጁ ሃያኦ ሚያዛኪ፣ በመጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣው ከነበረው የሥዕል ታሪክ ተነሥቶ ያዘጋጀው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1984 ለሕዝብ ታየ። ርዝመቱ 117 ደቂቃ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ታላቅ ጦርነት የሰውን ልጅ ሥልጣኔ በሰባት ቀን ውስጥ ካቃጠለ ከ1000 ዓመት በኋላ ነው። የተረፉት ጥቂት ሕዝቦች በመርዛማ ጫካ ተከበው ይኖራሉ፤ የጫካው ጠባቂዎችም ኦሙ የሚባሉ ግዙፍ ነፍሳት ናቸው። አንድ ኃያል መንግሥት ያን ጥንት ዓለምን ያቃጠለ መሣሪያ ቀስቅሶ ጫካውን ለማንደድ ይነሣል። የሸለቆዋ ልዕልት ናውሲካ ግን የጫካውን ዘር በንጹሕ ውሃና አፈር አብቅላ ትመረምራለች። መርዙ ሰው ከበከለው መሬት የመጣ እንጂ የዕፅዋቱ እንዳልሆነ፣ ጫካውም ያን መርዝ እየሳበ ምድርን የሚያጠራ መሆኑን ትደርስበታለች።

ፊልሙ ከዚህም የከበደ ነገር ይነግረናል። አገራቸው የተወረረባቸው ተበዳዮች፣ ወራሪውን ለማጥፋት ሲሉ የኦሙን ግልገል አቁስለው መንጋውን በንጹሐን መንደር ላይ ይጠሩበታል። ልዕልቲቱም ብትሆን አባቷ በተገደለ ጊዜ በቁጣ ታውራ ሰው ትገድላለች፤ ኋላም የገዛ ቁጣዋ ያስፈራታል። እንግዲህ የፊልሙ ጥያቄ «ማን ያሸንፋል?» የሚል አይደለም። «ጠላት ያልነው በእርግጥ ጠላት ነውን? እኛስ ከበደል ነጻ ነን?» የሚል ነው።

በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ኒው ወርልድ ፒክቸርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፊልሙን በእንግሊዝኛ ድምፅ አወጣው። ርእሱ «የነፋስ ተዋጊዎች» ተባለ። 22 ደቂቃ ያህል ተቆርጦ ወደቀ። ናውሲካ «ልዕልት ዛንድራ» ሆነች። ስለ ተፈጥሮ የተነገረው ሳስቶ፣ ኦሙዎቹ ተራ ጠበኛ አውሬ መሰሉ። በቪዲዮ ካሴቱ ሽፋን ላይም በፊልሙ ውስጥ ከነጭራሹ የሌሉ ወንድ ጦረኞች ከፊት ተሣሉ፤ ባለታሪኳ ወደ ኋላ ተገፋች። ይኸው የተቆረጠ ቅጂ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በፈረንሳይ «የከዋክብት ልዕልት»፣ በጀርመን «የኮከብ ተዋጊዎች» የሚል ስም ወጣለት። ወደ ከዋክብት የሚጓዝ ሰው ግን በፊልሙ ውስጥ የለም።

ስም መለወጥ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ሚያዛኪ ግን ስሙን የወሰደው ከሆሜር «ኦዲሴ» ሲሆን፣ የባለታሪኳን ጠባይ ደግሞ ያገኘው አባጨጓሬና ነፍሳት ከምትወድ የመኳንንት ልጅ ታሪክ፣ ማለትም ከጥንታዊ የጃፓን ተረት ነው። የሁለት ሕዝቦች ጥንታዊ ትውስታ በአንዲት ልጅ ላይ ተገናኝቶ ነበር። «ዛንድራ» በተባለችበት ቀን ሁለቱም ክሮች ተበጠሱ።

እዚህ ላይ የኩባንያውን ወገን የሚይዝ ሰው ቢነሣ ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። «ፊልሙ ባይቆረጥ ኖሮ የአሜሪካ ተመልካች ጨርሶ ባላየው ነበር፤ የጎደለ ቅጂ ከምንም ይሻላል» ሊል ይችላል። በዚያ በተቆረጠው ቅጂ አማካይነት ፊልሙን ያወቁና የወደዱ ልጆች መኖራቸውም አይካድም። ደግሞስ ረጅም መጽሐፍ ለተማሪ ሲባል ያጥር የለምን?

አዎን፣ ያጥራል። ነገር ግን ያጠረው መጽሐፍ ማጠሩን በሽፋኑ ላይ ይናገራል፤ አንባቢም ሙሉውን ለማግኘት ከፈለገ መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። «የነፋስ ተዋጊዎች»ን የተመለከተ ልጅ ግን የተወሰደበት ነገር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ደራሲው በደሉን ያውቃል፤ ያዝናል፤ ይከራከራል። ተመልካቹ ግን መበደሉን ስለማያውቅ አቤት እንኳ አይልም። በመሆኑም እንዲህ ባለው ሥራ ዋናው ተበዳይ ከደራሲው ይልቅ ተመልካቹ ነው ለማለት ያስደፍራል። የተቀነሰው ነገርም የአጋጣሚ አልነበረም። ጦርነቱና በረራው ቀርቶ፣ የሚያስቸግረው ጥያቄ ነው የሳሳው። ከዚህ በስተ ጀርባ ያለው ፍርድ «ይህ ሕዝብ ጠላቱ ምክንያት ያለው ታሪክ አይገባውም» የሚል ነው። ይህ ደግሞ ተመልካችን መንከባከብ ሳይሆን መናቅ ነው።

የታሪኩ ሁለተኛ ምዕራፍ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ሚያዛኪና ባልደረቦቹ የመሠረቱት ጊብሊ ስቱዲዮ ከዚያ መከራ ተምሮ፣ ፊልሞቹ በውጭ አገር እንዳይቆረጡ አጥብቆ መያዝ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን «ልዕልት ሞኖኖኬ»ን ሚራማክስ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ለማሳየት ሲዘጋጅ፣ የጊብሊው ቶሺኦ ሱዙኪ ለኩባንያው ኃላፊ የጃፓን ሰይፍ በስጦታ አቀረበ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «መቁረጥ የለም»። ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይቆረጥ ታየ።

ሳይቆረጥ ታየ ማለት ግን ቃሉ አልተለወጠም ማለት አይደለም። የእንግሊዝኛውን ንግግር የጻፈው ደራሲ ኒል ጌይማን ነበር። በአንድ ቦታ ላይ መነኩሴ መሰሉ ሰው የቀረበለትን ሾርባ ውሃ ውሃ ይላል ብሎ ያጣጥለዋል። ይህ በጃፓንኛ ከባድ ስድብ ሲሆን በእንግሊዝኛ ግን ስድብነቱ ይጠፋል። ጌይማንም «የአህያ ሽንት» አስባለው። ቃሉ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የተናጋሪው ንቀት ግን ሙሉውን ተሻገረ። እነሆ ልዩነቱ! በ1985ቱ ሥራ ሥዕሉ ያው ሆኖ ጥያቄው ጠፋ፤ በ1999ኙ ግን ቃሉ ተለውጦ ሐሳቡ ቆመ። የአሻጋሪ ታማኝነት የሚለካው በቃላት ቁጥር ሳይሆን ሥራው የሚያነሣው ጥያቄ በአዲሱም ቋንቋ በመነሣቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ታማኝነቱ በገንዘብ አልተካሰም፤ «ልዕልት ሞኖኖኬ» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ገቢ አነስተኛ ነበር። አደራ መጠበቅ ሁልጊዜ ትርፍ ያመጣል ብሎ መስበክም ራሱ ማታለል ይሆናል። አደራ የሚጠበቀው አደራ ስለሆነ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 «ናውሲካ» በሙሉ ርዝመቷና በገዛ ስሟ በአዲስ የእንግሊዝኛ ድምፅ ወጣች። ለአሜሪካው ተመልካች በገዛ ቋንቋው የቀረበችለት ከ20 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር በኪነ ጥበብ ሰዎች መካከል ሰፊ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ ይበልጡን ያተኮረው በአገር ውስጥ ሥራና በባህል ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ ላይ ነበር። ያ ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ ሌላም ጥያቄ ሊጨመርበት ይገባል፦ በአማርኛ የሰማነው ሰዎቹ የተናገሩትን ነውን? ይህን መጠየቅ የሚገባው ሃያሲው ብቻ አይደለም። መምህሩ ለተማሪዎቹ፣ ተዋናዩም ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጥ ለራሱ ሊያነሣው ይገባል። አንደበቱን የሚያውስ ሰው የማይታዩ ሁለት ሰዎች ያምኑታል፤ አንደኛው በሩቅ አገር ያለው ደራሲ ነው፣ ሁለተኛው ሌላውን ቋንቋ የማያውቀው አድማጭ። ሁለቱም ሊቆጣጠሩት አይችሉም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ኅሊናው ብቻ ነው።