አሥራ ሁለትና አሥራ ሁለት

በሉማሜ አንድ ገበሬ ነበር። ነጭ ጤፉን ለነጋዴ በዱቤ ሰጥቶ፣ ከዓመት በኋላ 11,200 ብር የሚከፈልበት ወረቀት ይዟል። ክረምቱ ሲጠጋ ከጥማዱ አንዱ በሬ ሞተበት። ወረቀት ደግሞ አይጠመድም።

አንዱ ባለ ገንዘብ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ወለዴ ከመቶ አሥራ ሁለት ነው፤ ከ11,200 ላይ 1,344 ቆርጬ 9,856 ልስጥህ» አለው።

«ላስብበት ጌታው» ብሎ ወደ ሌላው ሄደ። የእሱም ወለድ ያው አሥራ ሁለት ነው፤ የሚሰጠው ግን 10,000 ብር። ገበሬው ተጠራጠረ። 144 ብር በነጻ የሚጥል ሰው አይቶ አያውቅም። ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ሲል የዕቁባቸውን ጸሐፊ መንገድ ላይ አገኛቸው።

«እትዬ፣ የትኛው ነው የሚያታልለኝ?»

«እስቲ ሁለቱንም ብር ለዓመት በአሥራ ሁለት አበድረው» አሉና በጣታቸው መዳፋቸው ላይ ይጽፉ ጀመር። አሥሩ ሺህ 1,200 ወልዶ ልክ 11,200 ገባ። 9,856ቱ ግን 11,038 ብር ከ72 ሳንቲም ላይ ቆመ።

«የቀረውስ?»

«ላልሰጠህ ብር ወለድ በልቶበታል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የመጀመሪያው ሰው ስሌት የባንክ ቅናሽ፣ የሁለተኛው እውነተኛ ቅናሽ ይባላል። የመጀመሪያው ወለዱን ያሰበው ገና በሚመጣው 11,200 ላይ ነው፤ ከኪሱ ያወጣው ግን 9,856 ብቻ። 1,344 ለ9,856 ሲካፈል ከመቶ 13.64 ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 የብድር ወለድ በውል ከመቶ 12 እንዳያልፍ ከልክሏል። «እኔ ወረቀት ገዛሁ እንጂ አላበደርኩም» ካለ ጠበቃ ይቅጠር።

ባንኮች የመጀመሪያውን ስሌት የሚወዱት ማባዛት ብቻ ስለሚበቃው ነው፤ ቀኑ ሲያጥርም ጉዳቱ ይቀንሳል። ያው ወረቀት ስድስት ወር ቢቀረው ልዩነቱ ከ144 ወደ 38 ብር ገደማ ይወርዳል። የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድም በቅናሽ ስለሚሸጥ፣ የ364 ቀኑን የሚገዛ ሰው ትርፉን በከፈለው ብር ይለካ።

ለፈተና የተቀመጠ ተማሪ ደግሞ 144 የ1,200 ወለድ መሆኑን ልብ ይበል። ጥያቄው ሁለቱን ቅናሾች ብቻ ሰጥቶ የወረቀቱን ዋጋ ከጠየቀው፣ 1,344ን በ1,200 አባዝቶ ለ144 ያካፍል፤ 11,200 ይወጣለታል።