መለከቱን ያልነፋው ዘበኛ

በጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች አማልክት መካከል ሄይምዳል የሚባል ዘበኛ ነበረ። የዘጠኝ እናቶች ልጅ ነው ይሉታል። ጥርሱ ወርቅ ነው፤ እንቅልፉ ከወፍ ያነሰ ነው፤ በጨለማም እንደ ቀን ያያል። ከሁሉም የሚገርመው ግን ጆሮው ነው፤ ሣር ከመሬት ሲበቅል፣ በበግ ጀርባ ላይ ጠጉር ሲያድግ ይሰማል። ሥራው ወደ አማልክቱ አገር የሚወስደውን የቀስተ ደመና ድልድይ መጠበቅ ነው። ለዚህም ግያላርሆርን የተባለ፣ ድምፁ በዓለማት ሁሉ የሚሰማ መለከት ተሰጥቶታል፤ የሚነፋውም ዓለም ሊያልፍ በተቃረበ ዕለት ነው።

ይኸው ዘበኛ ስሙን ሪግ ብሎ በሰው ቤት እየገባ ሦስት ሦስት ሌሊት ያድር እንደነበር አንድ የድሮ ግጥም ይተርካል። እኛም አንድ ጊዜ እንላከው፦ ወደ ቺካጎ፣ ሳውዝ ሳይድ ወደሚባለው ሰፈር፣ በ1922 እ.ኤ.አ.።

ጊዜው ጥቁር አሜሪካውያን ከሚሲሲፒና ከሉዊዚያና በባቡር እየተጫኑ ወደ ቺካጎ ቄራና ብረት ፋብሪካ የሚጎርፉበት ነበር። በወርቅ ጥርሱ የተገረመ የለም፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ጄሊ ሮል ሞርተን ጥርሱ ላይ አልማዝ ባስተከለበት ዘመን ወርቅን ማን ዞሮ ያየዋል? እንቅልፍ የማያውቅ ሰው ደግሞ ሥራ አይቸግረውም። አንድ ባንክ የሌሊት ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው።

ዕረፍት ባለው ምሽት ወደ 31ኛው መንገድ፣ ወደ ሊንከን ጋርደንስ የዳንስ አዳራሽ ይሄዳል። እዚያ የጃዝ ባንድ መሪው ኪንግ ኦሊቨር ኮርኔት በተባለው አጭር መለከቱ አፍ ላይ ኩባያ ወይም ባልዲ እየደፋ መሣሪያውን እንደ ሕፃን ያስለቅሰዋል። አጠገቡ በዚያው ዓመት ከኒው ኦርሊንስ የመጣው ወጣቱ ሉዊስ አርምስትሮንግ ቆሟል። ኦሊቨር ቀጥሎ የሚነፋውን ዜማ ቀስ ብሎ ይጠቁመዋል፤ ባንዱ ዝም ሲል ሁለቱ ብቻ ያለ ኖታ፣ ያለ ልምምድ አንድ ላይ ይወጣሉ። አዳራሹ ይናወጣል።

የበሩ ጠባቂ አንድ ምሽት ሄይምዳልን «በከረጢትህ ምን ይዘሃል?» አለው።

«መለከት።»

«ታዲያ አትነፋም?»

«ቀኑ አልደረሰም። የሚነፋው ሁሉ ነገር ሲያልቅ ነው።»

በረኛው ሳቀ። «ሁሉ ካለቀ ማን ሊሰማህ ነው?»

ከባንኩ ደንበኞች መካከል ደግሞ አንዲት ልብስ አጣቢ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሳሙና በሰነጣጠቀው እጃቸው የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። በሺህ ዓመታት የሚበልጣቸውን ዘበኛ «ልጄ» ይሉታል፤ እሱም «እማማ» ይላቸዋል።

ዓመታት አለፉ። በ1929 መጨረሻ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሄይምዳል በየሌሊቱ የሚሰማው ነገር ተለወጠ። ከካዝናው የሚመጣው የሳንቲም ድምፅ ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ሄደ። ሒሳብ ያዡ አምሽቶ አንድ ቁጥር በላጲስ ይፍቅና ሌላ ይጽፋል፤ ላጲሱ ወረቀቱን ሲልጠው፣ ብናኙን እፍ ሲለው፣ አዲሱ ቀለም ሲደርቅ ይሰማል። ፎቅ ላይ ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ይተነፍሳል፤ የማይመለስ ብድር ያለበት ሰው አተነፋፈስ።

አንድ ቅዳሜ እማማ ገንዘባቸውን ከማስገባታቸው በፊት ጠጋ አሉት። «ልጄ፣ ሌሊቱን እዚህ የምታድረው አንተ ነህ። ደህና ነው?»

ሄይምዳል ወደ ሰማይ አየ። የፍጻሜውን ምልክቶች ያውቃቸዋል፤ በጋ ያልገባባቸው ሦስት ተከታታይ ክረምቶች፣ ፀሐይን የሚውጥ ተኩላ። ተኩላ የለም። ፀሐይም በቦታዋ ናት። እጁ ከረጢቱን ዳሰሰና ተመለሰ።

«ደህና ይዋሉ፣ እማማ» አላቸው።

በበጋ አንድ ጠዋት የባንኩ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሰዉ ተሰልፎ ጮኸ፣ ለመነ፣ ተበተነ። እማማ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ዘበኛውም ከረጢቱን አንስቶ ወደ ድልድዩ ተመለሰ። አማልክቱ ከበቡት፤ «ከሰዎች ዘንድ ምን አየህ? ቀኑ ደረሰ ወይ?»

«ምንም የለም» አላቸው።

ምሳሌው ይኸው ነው። ዘበኛውንና እማማን እኔ ወደ ቺካጎ አመጣኋቸው እንጂ ዘመኑና የባንኮቹ ውድቀት ፈጠራ አይደሉም። በዚያው ሰፈር ጥቁሩ ባለሀብት ጄሲ ቢንጋ የመሠረተው ባንክ በጁላይ 1930 ተዘግቷል። ከ1930 እስከ 1933 በአሜሪካ ወደ 9,000 ባንኮች ወድቀዋል፤ ለተቀማጭ ገንዘብ በመላ አገሪቱ ዋስትና የሚሰጥ ሕግ የወጣው በ1933 ነው። ኪንግ ኦሊቨር ራሱ ያጠራቀመውን በቺካጎ ባንክ ውድቀት አጥቷል። ድዱ ታሞ መንፋት ከተሳነው በኋላ በሳቫና ከተማ የአንድ መዝናኛ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ በ1938 ሞተ።

ዘበኛው አልተኛም፣ አልሰረቀም፣ ትእዛዝም አልጣሰም። በደንቡ ከሄድን ነቀፋ የለበትም። የእኔ ክርክር ከዚህ ይጀምራል፤ ትልቁ መለከት አፉን ዘጋበት። ለዓለም ፍጻሜ የተዘጋጀ ሰው የአንዲት አጣቢ ቁጠባ ማለቅ እንደ ፍጻሜ አይቆጠርለትም። የኛ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ከዚህ ይሻላል፤ ለአንድ ሰው ሞት ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ዝም አይነቅዝም ያለውም ሰው ደብተሩን ይዞ ባንክ ደጃፍ የቆመ አይመስለኝም።

«አንድ ዘበኛ እንዲህ ብሎ ቢያወራ ሰልፉ ራሱ ባንኩን ይገድለው ነበር» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ወሬ ባንክ ይገድላል፤ በዚያ ዘመን ደህናውንም ሳይቀር ገድሏል። የእማማ ባንክ ግን ወሬ ሳይደርስበት ያለቀ ነበር። ዝምታው ያተረፈው የለም፤ የመዘጊያውን ቀን ብቻ አራዘመ፤ እስከዚያም እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጨምሩበት ነበር። ሒሳብ የምትመረምሩ፣ ድልድይና ግድብ የምትፈትሹ፣ የሕመምተኛ ውጤት በእጃችሁ ያለ፣ እነዚያን የመጨረሻ ቅዳሜዎች ቁጠሩልኝ።

በእኔ ፍርድ ዘበኛው ጥፋተኛ ነው። እማማ መለከት ንፋልኝ አላሉትም። «ዛሬ አያስገቡ» ቢላቸው ይበቃቸው ነበር።