የልማድ መብት

ጸሐፊ ብራናውን ዘርግቶ ሲቀመጥ የቀለም ቀንዱን እጁ በሚቀናው ወገን ይተክላል፤ ለምን በዚያ ተከልኸው ብሎ የሚጠይቀው የለም። በዘመናችን የጸሐፊ ገበታ ኮምፒዩተር ሆኗል። ዊንዶውስ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ታስክባር የሚሉትን የሥራ መስመር ከታችም፣ ከላይም፣ ከጎንም ለማድረግ ይፈቅድ ነበር። የኮምፒዩተሩ ገጽ ስፋቱ ከቁመቱ ስለሚበልጥ፣ መስመሩን ከጎን ያደረገ ሰው ለሚያነበው ጽሑፍ ቦታ ይተርፈዋል፤ ነገሩ ለጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ግን ይህ ፈቃድ ቀረ፤ መስመሩም ከታች ብቻ ተተከለ። የኩባንያው ሰዎች ኋላ የሰጡት ምክንያት፣ ይህን የሚሹት ጥቂቶች ናቸው የሚል ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ሠሪው በሥራው ማዘዙ እርግጥ ነው፤ ያረጀውን ሁሉ ይጠብቅ ማለትም ግፍ ይሆናል። ዳሩ ግን የእጅ ልማድ የማን ሥራ ነው? 26 ዓመት ዓይኑን ወደ አንድ ወገን ያስለመደ ሰው ያን ልማድ ከሠሪው አልገዛውም፤ በራሱ ድካም አፈራው እንጂ። በግራ እጃቸው የሚጽፉ ጥቂቶች ስለሆኑ ቀንዳቸውን በቀኝ ይትከሉ አይባልም።

በዚያው ጊዜ የቀረው ሌላ ፈቃድ፣ ይኸውም የተከፈቱትን ሥራዎች በየስማቸው ለይቶ የሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ተመለሰ። ሁለት ዓመት የተጉላላው እጅ ግን እስከዚያ ድረስ ሌላ ልማድ ተምሮ ነበር።