የእባብ ቤት በር

እባብን ቤት ውስጥ አስቀምጦ መቀለብ ለእኛ አገር ሰው ወሬው ራሱ የሚያስበረግግ ነው። እኛ ዘንድ እባብ ከታየ ዱላ ይነሣል፣ ጎረቤት ይጠራል፤ ከሞተ በኋላ እንኳ ጭንቅላቱ ካልተቀጠቀጠ ማንም አያምነውም። በአፈ ታሪካችን በጥንት ዘመን አገር ገዝቷል የሚባለው አርዌ የተሰኘው ዘንዶ ነው፤ ታሪኩ የሚጥመንም ሲገደል ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን እባብ መያዝ የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ፍቅር ነው። ከእነርሱም መካከል የተሠራ ሣጥን ከመግዛት ይልቅ ኮምፔንሳቶ ቆርጠው፣ ስንጥቁን በሲልኮን ደፍነው የእባባቸውን ቤት በገዛ እጃቸው የሚሠሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች አጥብቀው ከሚከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ የበሩ ጉዳይ ነው።

ክርክራቸውን ስከታተል የአናጢ ወሬ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። በሩ የሚሠራው ለማን ነው? ደጅ ቆሞ ለሚያየው ሰው፣ ውስጥ ለሚኖረው እባብ፣ ወይስ ከግድግዳው ማዶ ለሚተኛው ጎረቤት? የሦስቱ ፍላጎት በአንድ በር ላይ ሲገናኝ ሁሉንም እኩል ማስደሰት አይቻልም። መምረጥ ግድ ነው፤ መራጩ ደግሞ ሁልጊዜ ከሦስቱ አንዱ፣ ባለቤቱ ብቻ ነው።

በጣም የሚወደደው በር ሁለት መስታወት በቦይ ላይ ግራና ቀኝ የሚንሸራተቱበት ነው። አንባቢ ሩቅ ማሰብ አያስፈልገውም፤ ሳሎናችን ውስጥ ሲኒና ብርጭቆ የምንደረድርበት የቡፌ በር ማለት ነው። ቁልፉም እንግዳ አይደለም፤ ወርቅ ቤቶች የጌጥ መደርደሪያቸውን የሚዘጉበት፣ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ የሚገባው ትንሽ ቁልፍ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ወርቅ ቤቱ የሚፈራው ከውጭ የሚመጣውን እጅ ነው፤ ቀለበቱ በራሱ ተነሥቶ አይወጣም። እባብ ግን ሌሊት ይነቃል፤ በአፍንጫው ጠርዝ ጠርዙን እየተከተለ ይገፋል፤ ያልተቆለፈ መስታወት ከሆነ ቀስ በቀስ ያንሸራትተዋል። ሁለቱ መስታወቶች በሚደራረቡበት ቦታ የሚቀረው የጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተትም ለትልቅ ዘንዶ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እንደ እርሳስ ለቀጠነ የእባብ ጫጩት ግን የተከፈተ ደጃፍ ነው።

ሌሎቹን በሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ከላይ የሚከፈት ክዳን ለሠሪው ይቀላል፤ ነገር ግን ከአናት በኩል የሚወርድ ነገር ለእባብ የአሞራ ጥፍር ነውና በተከፈተ ቁጥር ያስደነብረዋል። የፕላስቲክ መስታወት ቀላል ነው፤ ከማሞቂያው አጠገብ ግን እየጎበጠ ጠርዙ ላይ ክፍተት ይፈጥራል። የወንፊት ሽቦ በር ሙቀቱንም እርጥበቱንም ያባክናል፤ አየሩ ሲደርቅ እባቡ ቆዳውን በአንድ ጊዜ መግፈፍ ያቅተዋል፤ ሽቦውን ሲገፋም አፍንጫው ይላጣል። በማጠፊያ የሚዞር ድፍን የእንጨት በር ደግሞ ሙቀት ይይዛል፣ በመቀርቀሪያም ጥሩ አድርጎ ይዘጋል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ አያሳይም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው መስታወት የመሰለ ቅርፊት ስለሆነ እንደ እኛ ጨፍኖ ከተመልካች ማምለጥ አይችልም። ስለዚህ መደበቂያ ሳይሰጡ ሰፊ መስታወት የገጠሙለት እባብ ቀን ከሌት ሳሎን መሐል የተጋለጠ ፍጡር ነው። መስታወቱ ለባለቤቱ ደስታ የተገጠመ መሆኑን ማንም አይክድም።

ታዲያ ድፍኑን በር እንምረጥ? እኔ በዚህ አልስማማም። የማይታይ እስረኛ የሚረሳ እስረኛ ነው። ከመስታወት ጀርባ ያለ እባብ ማሞቂያው ሲያቃጥለው፣ ተባይ ሲወርሰው፣ ያልተገፈፈ ቆዳ ዓይኑ ላይ ሲቀር ይታያል። ከድፍን በር ጀርባ ግን ይህ ሁሉ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ1789 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ስለ እንስሳት ሲነሣ ዋናው ጥያቄ ያስባሉ ወይም ይናገራሉ የሚለው ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ የሚለው ነው ብሎ ነበር። ጥያቄው ለውሻ ሲሆን ይቀላል፤ ውሻ ያላዝናል፣ በሩን ይቧጭራል። እባብ ጩኸት የለውም፤ ፊቱም ሲከፋው አይለወጥም። የተላጠ አፍንጫው ካልነገረን ሌላ የሚነግረን የለም። አርቢዎች «እባብ ሰፊ ቦታ አይወድም፣ ጠባብ ጉድጓድ ይበቃዋል» ይላሉ። መደበቂያው ጠባብ ሲሆን እንደሚወድ እውነት ነው፤ ከጉድጓዱ ወጥቶ መመለስ መቻሉ ግን የጉድጓዱ ግማሽ ትርጉም ይመስለኛል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ መስታወት ነው፤ ውስጡ ግን በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጥግ ጨለማ መደበቂያ ይኑረው። ባለቤቱም ስንት ቀን ሙሉ ባዶ ሣጥን የሚመስል ነገር እያየ መቀመጥን ይቻል። ይህን የማይችል ሰው የግድግዳ ሥዕል ቢገዛ ይሻለዋል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሁለቱ ነው። ሦስተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ብዙ ጊዜ ክርክር መኖሩንም አያውቅም።

በነሐሴ ወር 2013 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኒው ብራንስዊክ፣ ካምፕቤልተን በተባለች ከተማ አንድ የአፍሪካ ዘንዶ ከተዘጋበት ክፍል ወጥቶ በዚያው ቤት ለአዳር የመጡ ሁለት ወንድማማች ሕፃናትን ገደለ። አንዱ የ4፣ ሌላው የ6 ዓመት ልጅ ነበር። ይህ የዘንዶ ዝርያ በእኛም አገር የሚገኝ ነው። የወጣው በበር አልነበረም፤ በአየር ማስወጫ ቱቦ ነው። ባለቤቱ በቸልተኝነት ተከስሶ በ2016 እ.ኤ.አ. በዳኞች ጉባኤ ነፃ ወጣ። በፍርዱ ላይ አስተያየት መስጠት የእኔ ፋንታ አይደለም፤ ሕግ ወንጀል አይደለም ያለው ነገር ግን ሁለት ሕፃናት የሞቱበት ነገር ነው። ቱቦውን፣ የማሞቂያው ሽቦ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ የላላውን ክዳን፣ እነዚህን ሁሉ «በር» ብለን አንጠራቸውም። ለእባቡ ግን ጭንቅላቱን የሚያሳልፍ ሁሉ በር ነው።

ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ ከሰው አልፎ ወደ ዱር ወጥቷል። ከእስያ ለሽያጭ የመጡ የበርማ ዘንዶዎች በኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ተራቡ። ከሚጠቀሱት መንስኤዎች መካከል በ1992 እ.ኤ.አ. አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ የእባብ ማርቢያ ማፍረሱና ባለቤቶች የገነነባቸውን እባብ ጫካ መልቀቃቸው ይገኛሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ራኩን የሚባለው ድመት አከል እንስሳ ዘንዶዎቹ ለረጅም ጊዜ በቆዩባቸው የፓርኩ ክፍሎች በመንገድ ላይ የመታየቱ መጠን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል አለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የበርማውንና የአፍሪካውን ዘንዶ ጨምሮ አራት ዝርያዎች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ። ክልከላው ሲመጣ ዘንዶዎቹ በዱሩ ውስጥ እንቁላል ከጣሉ ዓመታት አልፈዋል።

ባለቤቱ እባቡን ወዶ መርጧል። እባቡ አልመረጠም፤ ጎረቤቱም አልመረጠም፤ ከዚያም በላይ አያውቅም። ስለዚህ በሩ ሲታቀድ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ፤ መጀመሪያ የማያውቀው፣ ቀጥሎ ዝም ያለው፣ መጨረሻ ላይ የሚደሰተው። በተግባር ሲታይ ወጪው ይህን ያህል አይደለም። ቁልፉ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ የአየር ቀዳዳው በጠንካራ ወንፊት ይዘጋ፤ በሩ ዛሬ ላለው እባብ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚሆነው ይለካ።

በቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ፎቅ ላይ ጎረቤቱ ዘንዶ እንደሚያረባ ያወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው ደግ ነው፤ ጋብዞ አሳይቶታል። በስልክ ሲያጫውተኝ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ርዝመቱ፣ ስለሚበላው አይጥ ብዙ ነገረኝ። «በሩ እንዴት ነው የሚዘጋው?» አልኩት።

«በሩንማ መች አየሁት! ዓይኔ እባቡ ላይ ነው እንጂ።»

«ተመልሰህ እየው እንግዲህ።»

ዝም አለ። በኋላ፣ «እንዴት ብዬ ወንድሜ? ቤቱ ያስገባኝን ሰው ቁልፍህን አሳየኝ ማለት ነውር አይሆንም?» አለኝ። የልጁ አልጋ ከዚያ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ እንደሚገኝ አውቃለሁ። ነውር አይደለም አልኩት፤ እስካሁን ግን አልጠየቀም።