አይቼና ወድጄ

በመኪና ሽያጭ ውል ላይ የማትጠፋ አንዲት ሐረግ አለች። «መኪናውን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» ትላለች። አንዳንዱ ውል ጸሐፊ «አስመርምሬ» የሚል ይጨምርባታል፤ ሌላው ደግሞ «ከነሙሉ ጤንነቱ ተረክቤያለሁ» ብሎ ያጠብቃታል። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን «በዚህ ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ማነው?» እያልኩ ስጨቀጭቅ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህቺን ሐረግ እንዲሁ አንብቤ ማለፍ አይሆንልኝም። የሚናገረው ገዢው ነው። ቃሉን በአፉ ያስቀመጠለት ግን ሻጩ፣ ወይም ደላላው፣ ወይም ለሁለቱም የሚጽፈው ሰውዬ ነው። ገዢው ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ እንዳወቀ አድርጎ ይፈርማል። ሻጩ ስለሚያውቀው ነገር ግን ውሉ ውስጥ አንድም ቃል አይተነፍስም።

ነገሩን ያነሳሁት የእህቴ ልጅ የጭነት መኪና ገዝቶ ነው። አዲስ አይደለም፤ አዲስ የጭነት መኪና የሚገዛ ዘመድ የለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ ተሽከርካሪ ማስገባትን እንደ ዕድሜው እያከበደ ካስወደደው ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን አጥብቆ ይዟል። ልጁ የስምንት ዓመት ቁጠባውን፣ የሚስቱን ወርቅና ሁለት እቁብ አንድ ላይ አድርጎ ገዛ። ዝም ብሎም አልገዛም። መካኒክ ይዞ ሄዷል፤ ሞተሩን አስነስቶ አዳምጧል፤ ቀለበት መንገድ ላይ ነድቶ ሞክሯል፤ ሊብሬውን አገላብጦ አይቷል። ከዚያ አይቶና ወዶ ፈረመ።

በሁለተኛው ሳምንት የአርማታ ብረት ጭኖ ወደ ጎጃም ተነሳ። ጎሐ ጽዮንን አልፎ የዓባይን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ሲጀምር ማርሿ ዘላ ወጣች። መልሶ አስገባት፤ መልሳ ወጣች። የጭነት መኪና ነድቶ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ጭነት የያዘ መኪና ረዥም ቁልቁለት የሚወርደው በፍሬን አይደለም፤ በማርሽ ነው። በከባድ ማርሽ ሲሆን ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል። ማርሹ ከወጣ ግን መኪናው በዜሮ ይቀርና ያ ሁሉ ክብደት ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ደግነቱ ቁልቁለቱ ገና አልጠናም ነበርና ፍሬኑ ቀዝቃዛ እያለ ዳር ይዞ አቆመ። ረዳቱ ከወንበሩ ሥር መፍቻ ሲፈልግ ከውስጥ ጎማ የተቀደደ፣ ሁለቱም ጫፉ የተቋጠረ ላስቲክ አገኘ። ልኩ ልክ ከማርሽ ዘንጉ እስከ ወንበሩ እግር ነው። ያለፈው ሾፌር ማርሿን በእሱ እያሰረ ነበር የሚወርደው። ላስቲኩ ከመታሸት ብዛት ያብረቀርቃል።

ጋራዥ ሲገባ ሌላው ጉድ ተገለጠ። ሞተሩ ያን ቀን ጸጥ ብሎ የተሰማው በጣም ወፍራም ዘይት ስለተሞላ ነው፤ ፋሻው አልቋል። ይህ እንኳ የገንዘብ ነገር ነው። ከኋላ በኩል ሻንሲው ተሰንጥቆ ተበይዷል፤ ብየዳው ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ አዲስ እንዳይመስል ደግሞ ግራሶና አቧራ ተለስኖበታል። (ፋሻ፣ ግራሶ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን! ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ አንድ ስንኝ እንኳ ሳያስተምረን ጋራዡን በቋንቋው ሞልቶት ሄደ።)

ልጁ ሻጩ ዘንድ ደወለ። ሰውዬው አልተቆጣም፤ ስልክም አልዘጋም። «ጠይቀኸኝ ነበር እንዴ?» አለው።

እነሆ ለሁለት ሺህ ዓመታት ያልተዘጋ ክርክር በአንድ የስልክ ጥሪ። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴና ለትምህርት ለሄደው ልጁ «ስለ ግዴታዎች» የሚለውን መጽሐፍ ሲጽፍለት በሦስተኛው ክፍል ይህንኑ ያነሳል። ሮድስ ደሴት ላይ ረኀብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን እሱ ያውቃል፤ የሮድስ ሰዎች አያውቁም። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። ባቢሎናዊው ዲዮጋን ሻጭ መናገር ያለበት ሕጉ ተናገር ያለውን ያህል ነው፤ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም ይላል። አንቲጳጥሮስ የሚባለው ሌላው ደግሞ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ እንዳያውቀው ማድረግ አይገባም ባይ ነው። ሲሴሮ በመጨረሻ ወደ አንቲጳጥሮስ ያደላል። የእኛ ሰውዬ ዲዮጋንን ሳያነብ ዲዮጋን ሆኗል።

እውነቱን ለመናገር የዲዮጋን ክርክር እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ይንገር ካልን የት ላይ ይቆማል? የጎማውን ዕድሜ፣ የወንበሩን ቀዳዳ፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ ያስቸገረበትን ቀን ሁሉ ይዘርዝር? በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቶማስ አኲናስ ለዚህ መላ አበጅቷል፤ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ፈረስ የሚሸጥ ሰው፣ ጉድለቱ ፊት ለፊት የሚታይ ነውና፣ ዋጋውን በዚያው ልክ ከቀነሰ አፉን የመክፈት ግዴታ የለበትም። ተሰውሮ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ግን መናገር አለበት። የወንበሩ ቀዳዳ የፈረሱ ዓይን ነው። የምትዘለው ማርሽ ግን ሜዳ ላይ ደኅና ናት፤ ጭነትና ቁልቁለት ካልተገናኙ አትታይም። ልጁስ ቢሆን «ሁለተኛ ማርሽ ቁልቁለት ላይ ትወጣለች ወይ?» ብሎ እንዴት ይጠይቃል? ሰው የሚጠይቀው የጠረጠረውን ነው።

ሻንሲውን ስናይ ደግሞ ዲዮጋንም ቢሆን ሰውዬውን የሚያድነው አይመስለኝም። ቀለም ዝምታ አይደለም። ቀለም ይናገራል፤ «እዚህ ምንም የለም» ይላል። ወፍራሙ ዘይትም «ጤነኛ ነኝ» እያለ በሞተሩ ድምፅ ይናገራል። እኛ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን፤ ጥሩ ተረት ነው፣ ለነገረኛ ሰው ይመከራል። ነገር ግን ዝም ባዩ አፉን ዘግቶ በእጁ ሲያወራ ኖሮ ከተያዘ ተረቱን መልሰን መቀበል ያለብን ይመስለኛል።

የሚገርመኝ ሰውዬው አይደለም፤ እኛ ነን። ታሪኩን ለስንት ሰው ነገርኩ፤ ከሰሙት ውስጥ ብዙዎቹ መጀመሪያ ያሉት «ልጁ ተሸወደ!» ነው። «ሰውዬው አታለለ» አይደለም። በቋንቋችን ግሱ የተበዳዩ ነው፤ የበዳዩ ድርሻ ቅጽል ነው፤ «ጮሌ»፣ «ብልጥ»፣ «አራዳ»። ቅጽሎቹን ደግሞ ስንናገራቸው ፈገግ እንላለን።

ሕጉስ? ሕጉ ከእኛ ይሻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል፤ በተንኮል የተገኘ ፈቃድም ውልን ሊያፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ገዢውም የተረከበውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ ማስታወቅ አለበት። ይህ ሁሉ ጠበቃ፣ ምስክርና ጊዜ ይፈልጋል፤ ልጁ ደግሞ በየሳምንቱ የሚጣል እቁብ አለበት። ቆሞ የሚከራከር መኪና እቁብ አይከፍልም።

ስለዚህ አንድ ምሽት ቤቴ መጣና «ጋሼ፣ እንደገዛሁት እሸጠዋለሁ። እኔን ማን ነገረኝ?» አለኝ።

ይህን የሚለው ክፉ ልጅ ስለሆነ አይደለም። የሰጡትን ዕዳ ለቀጣዩ ማስተላለፍ ለተበደለ ሰው ፍትሕ ይመስለዋል። ጉድለቷ እሱ ዘንድ አልተፈጠረችም፤ ለምን እሱ ዘንድ ትቆማለች? እኔም የሲሴሮን ታሪክ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ታሪኩ ራሱ እንደማይበቃኝ ገባኝ። የሮድሱ ነጋዴ ዝም ቢል ቢበዛ የሚጎዳው በውድ የገዛው ሰው ነው። ሁለቱም ፈላስፎች ገበያው ውስጥ የሚያዩት ሁለት ሰው ነው፤ ሻጭና ገዢ። የጭነት መኪና ግን እንዲህ አይደለም። ዓባይ በረሃ ላይ ማርሿ ብትወጣ የሚከፍለው አብሮ የተቀመጠው ረዳት ነው፤ ከታች ሽቅብ የሚመጣው ሚኒባስ ነው፤ አስፋልቱ ዳር እንጨት ተሸክማ የምትሄደው ሴትዮ ናት። እነዚህ ውሉ ላይ የሉበትም። አላዩም፤ አልወደዱም። ሕዝቡ ለጭነት መኪኖች «አልቃይዳ»፣ «ቀይ ሽብር» የሚሉ ስሞች ያወጣላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስናማ ግን ሾፌሩን እንጂ ሾፌሩ ከመቀመጡ በፊት የተፈረመውን ውል አናማም።

«እሺ፣ እውነት ነው» አለኝ ልጁ። «ግን እውነቱ የሚነገረው በማን ኪስ ነው?»

ሲሴሮ ለልጁ ያን ሁሉ ሲመክር የበርካታ ቪላዎች ጌታ ነበር። እኔ ቪላ የለኝም፤ ግን ደግሞ በመኪናው ላይ አንድ ብር የለኝም። በሌላ ሰው ገንዘብ ጻድቅ መሆን እጅግ ቀላል ነው። ከዚያ ወር ጀምሮ ከእቁቡ አንዱን ግማሽ እጣ እኔ እጥልለታለሁ። ባለቤቴ ይህን ዓምድ ስለምታነብ ከዚህ በላይ አልዘረዝርም።

ማርሿ ተሠራች፤ ጥርሷ ተበልቶ ኖሮ መለዋወጫው ከሶማሌ ተራ ተገኘ። ሻንሲው ግን አንዴ ተሰንጥቋል። ልጁ ይህን እየተናገረ ሊሸጥ ወሰነ። እዚህ ላይ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። የመጀመሪያው ገዢ ስለ ብየዳው ሲነገረው ፊቱ ጠቆረ፤ ደላላውን ወደ ጎን ጠርቶ «ይህን በአፉ ከነገረኝ የደበቀኝ ስንት ይሆን?» አለው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ገዢ ደኅናውን ከብልሹው መለየት በማይችልበት የአሮጌ መኪና ገበያ ሁሉም በብልሹው ዋጋ ስለሚገመት የደኅናው መኪና ባለቤት ከገበያው እንደሚወጣ አሳይቷል። ጽሑፉን ሦስት መጽሔቶች ከመለሱበት በኋላ ነው የታተመለት፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት። (አሜሪካኖች ብልሹ መኪና «ሎሚ» ይሉታል፤ ሎሚ ምን በደላቸው?) አከርሎፍ የጻፈው ደኅና መኪና ከገበያ ስለመውጣቱ ነው። እኛ ያየነው ደግሞ ደኅና ንግግር ከገበያ ሲወጣ ነው። ሁሉም በሚደብቅበት ቦታ የሚናገር ሰው የባሰ የሚደብቅ ይመስላል።

ልጁ መናገሩን አልተወም፤ በሌላ መንገድ አደረገው። ብየዳው ላይ ያለውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፍቆ አወጣው። አሁን ጎንበስ ያለ ሁሉ ያየዋል፤ የአኲናስ አንድ ዓይና ፈረስ ሆኗል ማለት ነው። ሁለት ሰው አይቶ ሄዷል፤ አንዱ ዋጋ ጠይቋል፤ ያለው ዋጋ አይጠራም።

እኔን የቀረኝ የበያጁ ነገር ነው። የበየደው ሰው የተሰበረ ነገር አምጥተውለት ጠገነ፤ ቀለም ቀባ ሲሉት ቀባ። መኪናው ሊሸጥ መሆኑን ማወቁ አይቀርም። ይሁንና እሱን አገኝቶ ማን ሊጠይቀው? ልጁ ግን ብየዳው ምን ያህል እንደሚያስተማምን ማወቅ ስለፈለገ ፈልጎ ፈላልጎ አገኘው፤ አብሬው ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፤ የዓይኑን መከላከያ ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ሰማን። ምንም አልካደም። ለዚህ መኪና ሊጠይቀው የመጣ ሰው እኛ የመጀመሪያዎቹ መሆናችንን ነገረን። ከዚያ ብረቱ በየት በኩል እንደጀመረ፣ ከመጫኛው ሥር እንዴት እንደዞረ አስረዳንና የስንጥቁን ርዝመት በክንዱ ለክቶ አሳየን። አንድ ክንድ ከስንዝር ይሆናል።