አፍንጫና መዝገብ

በአንድ ቆዳ ፋብሪካ የኬሚካል መጋዘን የሚጠብቁ አዛውንት ነበሩ። የፀጉር ማራገፊያውን ሶዲየም ሰልፋይድ፣ ፎርሚክ አሲዱን፣ አሞኒያውን ገና ከበሩ በሽታቸው ይለያሉ።

አንዲት ወጣት ኬሚስት ተቀጥራ መጣችና መዝገብ ከፈተች። ከእያንዳንዱ ኬሚካል ስም ፊት ለፊት ምን እንደሚጎዳ፣ ከምን ጋር መገናኘት እንደሌለበት፣ የት እንደሚቀመጥ፣ አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ትጽፋለች።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል መድከም?» አሏት።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ ጋሼ?»

«የእኔ በቃልም አይደል፤ በአፍንጫ ነው!»

«ሰልፈሪክ አሲድስ? ሽታ የለውም እኮ።»

«እሱንማ ቦታውን አውቀዋለሁ።»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ከመዝገቡ እየገለበጠች በየበርሜሉና በየጉድጓዱ አፍ መለጠፏን ቀጠለች።

አንድ ሌሊት የሰልፋይዱ ውሃ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ተለቀቀ፤ የአሲዱ እጣቢም በዚያው ቦይ ተከተለው። ሁለቱ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ተወለደ፤ ግቢው የገማ እንቁላል ሸተተ። ቱቦው ተደፍኖ ስለነበር አንድ ጎረምሳ ወርዶ ሊከፍተው ተነሣ። አዛውንቱ በጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብለው ደጋግመው አሸተቱ። ሽታው ጠፋባቸው።

«አልፏል፤ ውረድ» አሉት።

የሌሊቱ ዘበኛ ግን ባትሪውን ልጅቷ በጉድጓዱ አፍ በለጠፈችው ጽሑፍ ላይ አብርቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከ1 ሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብለህ አትመን። የወደቀ ሰው ብታይ እንኳ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ አትውረድ።»

ጎረምሳው እግሩን ከመሰላሉ መለሰ። አዛውንቱንም ደግፈው ነፋስ ወዳለበት ወሰዷቸው።

በነጋታው አዛውንቱ ልጅቷ ዘንድ ሄዱ። «መዝገብሽ ከእኔ በልጧል» አሏት።

«እሱም ጎደሎ ነው ጋሼ። ጥግ ላይ የተደረደሩት ጽሑፍ የሌላቸው ጀሪካኖች ምን እንደያዙ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«እንግዲያው ጻፊ።»

ሲናገሩ ዋሉ፤ ስትጽፍ ዋለች። ቦታውን አውቀዋለሁ ያሉት ሰልፈሪክ አሲድ በሃይላንድ ተቀድቶ ከሠራተኞቹ የመጠጥ ውሃ አጠገብ ተገኘ።

አዋቂ ያለው መጋዘን የታደለ ነው። ነገር ግን ያልተጻፈ እውቀት ባለቤቱ እረፍት ሲወጣ አብሮት ይወጣል፤ የተጻፈውም መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈ ካልተጻፈው አይሻልም። መዝገብ ሰው የሚያድነው ዘበኛው በሌሊት፣ በሚያውቀው ቋንቋ ሊያነበው ሲችል ነው።